ጋሽ ዶላሞና የካላንደሯ ፎቶ ዋጋ

ያንተን ሥራ ዋጋ ካንተ በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ልብስ ሰፊ ብትሆን "ክር ብቻ እኮ ነው" ይልሃል። አናጢ ብትሆን "እንጨቱ የኔ፣ ሚስማሩ የኔ፣ ታዲያ ያንተ ምኑ ነው?" ይልሃል። ፎቶ የምታነሳ ከሆንክማ ወዮልህ። ጣቱን አየር ላይ ጫን ያደርግና "ቀጭ! በቃ ይቺው ናት!" ይልሃል።

የኛ የጂንካው ዋጋ አዋቂ ጋሽ ዶላሞ ይባላሉ። ማር ነጋዴ ናቸው። ከደጋ ማር ይገዙና በቆርቆሮ አሽገው በኤንትሬ የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ከማራቸው ላይ አምስት ሳንቲም ቢጎድልባቸው ሦስት ቀን እህል አይቀምሱም። የሰው ሥራ ግን ለሳቸው እንደ ዝናብ ውሃ ነው፤ ከላይ ይወርዳል፣ እሳቸው ይጠጣሉ።

እኔ አበራ እባላለሁ፤ የእርሻ መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤት ነው የምሠራው። ካሜራዬን የገዛሁት ድንጋይ ሲመረምር ከርሞ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ነው፣ በመቶ ሃያ ብር። ፎቶ ቤት የለኝም። እሁድ ከጸሎት ስንወጣ ሰው አነሳለሁ። ፊልሙን አርባ ምንጭ በሚሄድ መኪና እልካለሁ፤ ታጥቦ እስኪመጣ አንዳንዴ ወር ይሞላል። ይህን ሁሉ ለጋሽ ዶላሞ ብዘረዝርላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦

"አንተ እኮ ለደስታህ ነው የምታነሳው! ለደስታ ደግሞ ብር?"

አምና ሱቃቸው ድረስ አስጠሩኝ። አንጁሎ የሚባል ጎረቤቴ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ ያነሳሁት ፎቶ ነበረኝ። "ሱቄ ውስጥ ልስቀላት" አሉ። አንድ ፎቶ ሦስት ብር ነው፤ ሦስት ብር ከፈሉኝ። "ነጌቲቩንም፣ ያንን የሚታተምበትን ፊልም፣ ጨምርልኝ እንጂ፣ ይቺ ብትቀደድብኝስ?" አሉ። ጨመርኩላቸው። ሞኝ ነኝ።

ከዚያ መስከረም ላይ ለሥራ ወይጦ ወረድኩ። ሻይ ቤት ገብቼ ቀና ስል አንጁሎ ግድግዳው ላይ ዛፉን እንዳቀፈ ያየኛል። ከሥሩ አሥራ ሦስቱ ወር ተደርድሯል። ከላይ በትልቁ "ዶላሞ የማር ንግድ" ይላል። የኔ ስም የጉንዳን ያህል እንኳ የለም።

"ታምራለች አይደል?" አለኝ ባለ ሻይ ቤቱ። "ጋሽ ዶላሞ ናቸው ያነሷት።"

ሻዬን ትቼ ወጣሁ። ጂንካ ስደርስ ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ሱቃቸው።

"ጋሽ ዶላሞ፣ ፎቶዋ ለሱቅዎ ነበረች እኮ!"

"ታዲያ ሱቄ ሰፍቶ ወይጦ ደረሰ። ደስ አይልህም?"

"አምስት መቶ ነው ያሳተሙት አሉ!"

"ያተመው ማሽኑ ነው። አንተ ስንቴ ተጫንክ? አንዴ። አንዴ ተጫንክ፣ አንዴ ተከፈለህ።" ከዚያ ሱቅ ውስጥ ወዳለው ሰው ዞሩ። "ጎበዝ፣ ፍረዱኝ! ይሄ ልጅ ኮርማ ሸጠልኝ። ጥጃ በተወለደ ቁጥር እየመጣ 'ክፈለኝ' ይበለኝ?"

ሰው ሳቀ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ በአራተኛው ቀን ነው፦ "ኮርማውን አልሸጥኩልዎትም፣ ለአንዲት ላም ነው ያዋስኩዎት!" ማን ይስማኝ? ለባለቤቴ ለአረጋሽ ነገርኳት። "ለኔ ብትነግረኝ ምን አደርግልሃለሁ፣ ለሳቸው አትልም ነበር?" አለችኝ።

ይባስ ብሎ ደግሞ አንጁሎ መጣ።

"ሸጥከኝ አሉ" አለኝ። "ስንት አወጣሁ?"

"ሦስት ብር።"

"ዶሮ እኮ አራት ብር ነው፣ አበራ። እኔ ከነዛፉ ሦስት?"

ዘንድሮ ጋሽ ዶላሞ "ለካላንደር አዲስ ፎቶ አምጣ" ብለው ላኩብኝ። አንጁሎን ማር ሲቆርጥ አንስቼዋለሁ፤ ካለፈችው ትበልጣለች። ግን አረጋሽ ቁርጡን ነገረችኝ።

"ይሄ ካሜራ ፊልም እያለ፣ ማጠቢያ እያለ ደመወዝህን በላው። ስልሳ ብር ይዘህ ና። ካልሆነ ቅዳሜ ለሾፌሩ ለወርቅነህ እሸጠዋለሁ፣ መቶ ብር እሰጣለሁ ብሏል።"

አንጁሎም "ከስልሳ በታች ከሸጥከኝ ዳግመኛ ዛፍ አልወጣልህም" አለ።

ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ዋጋዬን ተለማመድኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ለሚግጡት ላሞች "ስልሳ!" አልኳቸው። አልተከራከሩኝም።

ጋሽ ዶላሞ ሱቅ የሉም። ወባ ጥሏቸው ከጓሮ ባለችው ክፍል ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ፎቶዋን አሳየኋቸው።

"ስንት ነው?" አሉ።

"ስልሳ ብር። ለዚህ ዓመት ካላንደር ብቻ። ነጌቲቩ እኔ ጋ ይቀራል። ስሜም ይጻፋል።"

ለጩኸቱ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። ጩኸት የለም። ትራሳቸው ሥር እጃቸውን ሰደዱና ስልሳ ብር ሰጡኝ። "እሺ" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እሺ! ጋሽ ዶላሞ! በሕይወታቸው ይቺን ቃል ሲሏት የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "አረጋሽ፣ ጋሽ ዶላሞ ሊሞቱ ነው!"

"መድኃኒት አልወሰዱም እንዴ?"

"ስልሳ ብር ከፈሉኝ፣ ምንም ሳይከራከሩ!"

አረጋሽ ብሩን አየች። "አንድ ቃል ሳይናገሩ?" አለች ቀስ ብላ።

"'እሺ' ብቻ ነው ያሉት።"

እኔ አላስቻለኝም፤ ብሩን ይዤ ላከራክራቸው ተመለስኩ። በሳቸው ስንት ቀን እንደተናደድኩ፣ ቅዳሜም እንደቀረበች እያወቅሁ!

"ጋሽ ዶላሞ፣ ተሳስቻለሁ። ሃምሳ ይበቃል።"

ጋቢው አልተንቀሳቀሰም። "አርባ አምስትም..." አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ።

ከጋቢው ውስጥ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ መጣ፦

"ሠላሳ!"

"ጋሼ፣ ሠላሳማ የፊልሙን ዋጋ አይሞላም!"

ጋቢው ተገለጠ። "ቀጭ ላደረግክባት? ሠላሳ በዛብህ እንጂ!" ተነስተው ተቀመጡ፣ ላብ በላብ ሆነው። ሻይ አምጡ አሉ። ስለ ኮርማው ጀመሩ። እኔም አንድ ዓመት ያሳደርኩትን መልስ ጮኼ ነገርኳቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አርባ አምስት ላይ ተስማማን፣ ነጌቲቩ የኔ፣ ስሜም ይጻፋል። አሥራ አምስቱን መለስኩ፤ ሁለት ጊዜ ቆጥረው "ልትዘርፈኝ ነበር፣ ሌባ!" አሉኝ።

ቤት ስገባ አረጋሽ ደጅ ላይ ቆማለች።

"ተከራከሩ?"

"ሌባ አሉኝ።"

"ተመስገን" አለች። ወዲያው ለወርቅነህ "ካሜራው አይሸጥም" ብላ ላከችበት። አሥራ አምስቷን ብር ግን እስካሁን ትጠይቀኛለች።