የቬርሙላ ወር ተረኞች

አንድ ነገር ቆሞ እያለ መውደቁ የሚታወቀው በምንድን ነው? ይህን ታሪክ የሚተርከው ሰው መልሱን ገና አላገኘም። ሩፎስም ዐሥር ዓመት ከተማረበት ከሮዶስ ደሴት ሲመለስ ጥያቄውን ይዞ መጣ እንጂ መልሱን አላመጣም።

አገሩ ቬርሙላ ከሮማ የአንድ ቀን መንገድ የምትርቅ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነበረች። ትንሽ ትሁን እንጂ ሥርዓቷን የቀዳችው ከትልቋ ሮማ ነው። ንጉሥ የላትም። ሕዝቡ በየዓመቱ ሁለት ሹሞች ይመርጣል፤ ሁለቱ ደግሞ ሥልጣኑን ወር በወር ይፈራረቁበታል። የሥልጣኑ ምልክት በቀይ ጠፍር የተጠፈረ የበትር እስር ነው። ወሩ የደረሰው ሹም እስሩን በፊቱ አሸክሞ ወደ ገበያው አደባባይ ይወጣል፤ ይፈርዳል፤ ያስታርቃል። ወሩ ሲያልቅ እስሩን ለባልደረባው ያስረክብና እንደማንም ሰው ወይኑን ሊገርዝ ይሄዳል። ስለዚህ የቬርሙላ ሹሞች «ወር ተረኞች» ይባሉ ነበር። እስሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ማንንም አይከብድም።

ሩፎስን ያሳደጉት አጎቱ ሴክስጦስና የአጎቱ ሚስት ቴርጥያ ናቸው። ሴክስጦስ በዚያ ዓመት ከተመረጡት ከሁለቱ ሹሞች አንዱ ነበር። ሌላው ጋቪዮስ ይባላል፤ ደልደል ያለ፣ ሳቁ ቤት የሚሞላ ሰው።

ሩፎስ በተመለሰ በሳምንቱ ከየጦሩ የተበተኑ ወታደሮች እየዘረፉ ወደ ኮረብታው መቃረባቸው ተሰማ። ምክር ቤቱ ተሰበሰበና ከተማዋ በቅጥር ትታጠር አለ። ጋቪዮስም ተነሥቶ፦

«በየወሩ ሹም እየተለወጠ ግንብ አይወጣም። ቅጥሩ እስኪያልቅ እስሩ እኔ ጋ ይቆይ» አለ።

ሕዝቡ ፈርቶ ነበርና እሺ አለ። ሴክስጦስ ብቻ ውሳኔውን እንዲጽፍ ወደ ተጠራው ወደ ሩፎስ ጎንበስ ብሎ «ስድስት ወር ብለህ ጻፍ» አለው። ሩፎስ ግን ወር መቁጠር የገበሬ አጻጻፍ መሰለው። እሱ የተማረው አጭርና የሚያምር ዐረፍተ ነገር ነው። የአገሩ ቋንቋ ደግሞ አፉ ላይ ዝጎ ነበር። ሰም በተቀባው ሰሌዳ ላይ እንዲህ ብሎ ቀረጸ፦ «ሕዝቡ ቅጥሩን ሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ እስሩ በጋቪዮስ እጅ ይቆይ።»

ቴርጥያ አደባባይ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አንብባ ስትመለስ በር ላይ ያዘችው።

«አንተ ልጅ፣ እስኪያልቅ ያልከው ማን ነው?»

«ቅጥሩ ነዋ።»

«ቅጥሩ ቢሆንማ ‹ቅጥሩ ተሠርቶ› ትል ነበር። አንዲት ‹ተ› በልተሃል። እዚህ ላይ ሠርቶ ሠርቶ የሚያልቀው ሕዝቡ ነው።»

«ኧረ ሰው ይገባዋል!»

«ለጋቪዮስማ ገብቶታል። ሲነበብ እንዴት እንደሳቀ አላየህም?»

ወታደሮቹ በሌላ መንገድ አለፉ። ቅጥሩ ግን አላለቀም። ወገብ ሲደርስ ትከሻ ይድረስ ተባለ፤ ትከሻ ሲደርስ ማማ ይጨመርበት ተባለ። ድንጋይ ፈላጮቹ ከሱ፤ ወይኑ ሳይገረዝ ቀረ። በሩ ሲገጠም ደግሞ መቀርቀሪያው የተሠራው ከውጭ በኩል ሆኖ ተገኘ። አንድ ግንበኛ አይቶት «ሌቦቹ እኛ ነን ማለት ነዋ» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም።

ሩፎስን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው ግን የተለወጠ ነገር አለመታየቱ ነው። ምክር ቤቱ በቀኑ ይሰበሰባል። ለጉዳዩ ሁሉ ድምፅ ይሰጣል፤ ሕዝቡ እንደ ወትሮው ተሰልፎ ድምፁን የሚሰጥበትን የሰም ሰሌዳ ይቀበላል። ብቻ አሁን ሰሌዳው የሚታደለው መልሱ አስቀድሞ ተቀርጾበት ነው። «ለድካማችሁ ታስቦ ነው» ይላል አዳዩ። ምክር ቤቱም፣ ምርጫውም፣ ሹሙም ስሙ እንዳለ ነበር። የቀለጠው ሰሙ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ ከሮማ መጥቶ፣ እዚያም አንድ የጦር አለቃ ሥልጣኑን ዕድሜ ልክ እንደተሰጠው አወራ።

«ዕድሜ ልክ?» አለች ቴርጥያ ሱፏን እየፈተለች። «ምነው፣ ምን አጥፍቶ?»

ሩፎስ ሳቁን መለሰው። የሮዶሱ መምህሩ አገር አንዴ አንድ እጅ ከገባ አይወጣም ብሎ አስተምሮት ነበር። ለአጎቱ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለው። ሴክስጦስም እንዲህ አለው፦

«በአንዲት ፊደል የሚፈርስ አገር ከሆነማ ቀድሞም አልቆመም። ስድስት ወር ብትልም ጋቪዮስ ሌላ ሰበብ አያጣም ነበር። እሺ ያልነው ሁላችንም ነን።»

የዓመቱ የመጨረሻ ወር የሴክስጦስ ነበር። ይህ ወር ዝም ተብሎ ካለፈ የሴክስጦስ ሹመት ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራዬ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። ወር ተራ የሚባለው ነገርም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ በመባቻው ሽማግሌው ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ሩፎስን አስከትሎ ወደ ጋቪዮስ ቤት ሄደ።

«ሴክስጦስ ወንድሜ! ምን እግር ጣለህ?»

«ወሬ ደረሰ» አለ ሴክስጦስ።

«የምን ወሬ? ከሮማ ነው?»

«ኧረ የቤት ነው። የኔው ወር። ተራዬ ደርሷል።»

ጋቪዮስ ቤት በሚሞላው ሳቁ ሳቀ። በመስኮቱ ወደ ቅጥሩ እያመለከተ «መች አለቀ? ውሳኔውን የጻፈው የራስህ ልጅ ነው፤ ጠይቀው» አለ። የሩፎስ ፊት ጋለ። «ደግሞም ጊዜው የትልቅ ሰው ነው። አንተ ደግ ሰው ነህ፤ ግን አትቀየመኝና ተራ ሰው ነህ። ቬርሙላ ውስጥ ያለው ሁሉ ተራ ሰው ነው።»

«ልክ ብለሃል» አለ ሴክስጦስ። «እኔም የመጣሁት ይህንኑ ልነግርህ ነበር።»

ጋቪዮስ የተስማማለት መስሎት በር ድረስ ሸኘው።

«በቃ፣ አለቀልን» አለ ሩፎስ መንገድ ላይ። ሴክስጦስ ግን ወደ ቤቱ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ወደ ገበያው አደባባይ ሄደና ያለ በትር፣ ያለ ተሸካሚ፣ ሹም የሚቀመጥበት የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጠ። ሰው ቆሞ አየው። እስከ ቀትር የቀረበው የለም። በመጨረሻ ሄልቪያ የምትባል የወይራ ፍሬ ሻጭ መጣች።

«እስሩ የት አለ?»

«ታስሯል። እኔ ግን አለሁ።»

«እንግዲያ ይሁና! እኔም የጎረቤቴን ፍየል እንጂ በትር አልከሰስኩ» ብላ ፊቱ ቆመች። ጎረቤቷ ዶርሶ ተጠርቶ መጣ። ፍየሉ የሄልቪያን ሰብል በልታለችና ተፈረደበት፤ እያጉረመረመ ሄዶ ካሳውን ከፈለ። በማግስቱ ሦስት ሰዎች መጡ። በሳምንቱ አደባባዩ ሞላ። ጋቪዮስ ሰላዮች ላከ፤ ሰላዮቹም አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ስለ ፍየልና ስለ ድንበር ሲያወራ ሰምተው ተመለሱ።

«ተራ ወሬ ነው፣ ጌታዬ» አሉት። ጋቪዮስም ተወው።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ሴክስጦስ ከመደቡ ተነሣ። «የኔ አበቃ። ተረኛው ማነው?» አለ። የሁለቱም ዓመት አብቅቷል፤ ለሚመጣው ዓመት ሹም ይመረጥ ያለ የለም። ሩፎስ ዐይኖቹን መሬት ላይ ተክሎ መምህሩን አሰበ፤ ወር ተራ ይኸው እዚህ ላይ ይሞታል አለ በልቡ። ያን ጊዜ የተናገረው፣ ከሁሉ ያልተጠበቀው፣ የተፈረደበት ዶርሶ ነበር።

«ፍርድህ አልጣመኝም» አለ፤ «ግን ሰምተኸኛል። ተራውን እኔ ልያዝ።»

«ከሱ ቀጥሎ እኔ» አለ ከኋላ አንድ ድንጋይ ፈላጭ። «ቀጥሎ እኛ ሰፈር!» አለ ሌላው። ሄልቪያ «ሰልፉን አታበላሹ፣ አትጋፉ!» ብላ ጮኸች፤ ሰውም ሳቀ። ሩፎስ እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ትምህርት ቤት አልሰማም። ይበረክት እንደሆነ አላወቀም፤ አሁንም አያውቅም። እጁ ግን ሰሌዳ ፈለገ።

ለጋቪዮስ ይጻፍለት ተባለ። ስድብ ይግባበት ያሉ ነበሩ። ቴርጥያ «በጨዋ ቃል ይሁን። አንተም ቀስ ብለህ ጻፍ» አለች። ሩፎስ ጻፈ፤ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ዶርሶ ራሱም ወስዶ ለጋቪዮስ በረኛ ሰጠ። ጋቪዮስ ሰሌዳውን ሲያነብ ደስ እንዳለውና «አያችሁ? ጨዋ ሕዝብ ነው» እንዳለ በረኛው በኋላ ተናግሯል። መልስ ግን አልላከም፤ ከዚያም ወዲህ መልሱ አልመጣም። በሰሙ ላይ የተቀረጸው ይኸው ብቻ ነበር፦

«እኛ ተራ ሰዎች ነን። ተራችንን ይዘን እንጠብቃለን።»