ከጉድጓዱ ወዲህ የቀረች ሚኒባስ

[መርሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ሰፈር፤ ዓርብ ከሰዓት። ዘውዱና ጌትነት አንድ ግቢ ተከራይተው በአንድ በር ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ዘውዱ ከመርሳ ወልድያ የሚጭን ሚኒባስ አለው፤ ከሚኒባሱ የሚበልጥ ደግሞ አፍ አለው። ጌትነት ባጃጅ ነጂ ነው፤ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን የዋህ። በሩ ላይ ቆመው መጨቃጨቅ ከጀመሩ ቆይተዋል።]

ዘውዱ፦ ቅዳሜ ሲሉህ ቅዳሜ ነው ብለህ ታምናለህ?

ጌትነት፦ ታዲያ ማክሰኞ ነው ልበል?

ዘውዱ፦ ለመሆኑ ማን ነው ቅዳሜ ያለህ?

ጌትነት፦ ያ በሞንታርቦ ሲጮህ የዋለው ነዋ! «የፍሳሽ መስመር ቁፋሮ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ይጀመራል፤ መኪና ያላችሁ ከግቢ አውጡ፤ ልጆቻችሁን ጠብቁ» ሲል አልሰማህም? እኔ ባጃጄን እህቴ ግቢ አስገብቼ መጣሁ።

ዘውዱ፦ [እየሳቀ] አስገባሃት! ና የዚህን አገር ሥራ ላስተምርህ። መጀመሪያ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል። ከዚያ ጥናት ይጠናል። ከዚያ ጥናቱ ይጠናል። ከዚያ በጀት ይመጣል፣ ከዚያ «መጥቶ ነበር» ይባላል። ቁፋሮ ያኔ ነው። እስከዚያ የእኔ ልጅ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይመረቃል።

ጌትነት፦ ልጅ አለህ እንዴ?

ዘውዱ፦ የለኝም! ገና አግብቼ እወልደዋለሁ፤ ጊዜ አለ እያልኩህ ነው!

ጌትነት፦ ጥናቱማ ያለቀ መሰለኝ። ባለ ሦስት እግር ካሜራ ይዘው መጥተው የለ? ፎቶ ሊያነሱኝ መስሎኝ ፀጉሬን አበጥሬ ፈገግ ብዬ ብቆም «ወንድም፣ ዞር በልልን» አሉኝ።

ዘውዱ፦ እሱ እኮ መለኪያ ነው።

ጌትነት፦ የፈገግታ?

ዘውዱ፦ የመሬት! ቁልቁለቱን ነው የሚለኩት። ወልድያ ላይ ናት፣ እኛ ታች። ገባህ? ወልድያ የበላችውን ሁሉ ለእኛ ልትልክ ነው።

ጌትነት፦ ወይኔ! ያን ሁሉ ሆቴል? [ጥቂት አሰበና] ግን ስብሰባው ላይ የእኛን ሰፈር ብቻ ነው ያሉት፤ ሽንት ቤቱ ሁሉ እየሞላ ስላስቸገረ።

ዘውዱ፦ ስብሰባ ትሄዳለህ አንተ?

ጌትነት፦ ለስላሳ አለ ሲሉኝ ነው። በሞቴ ዘውዴ፣ ሚኒባሷን አውጣት። እሁድ ሽማግሌዎቹን ሲሪንቃ የምታደርሳቸው እሷ አይደለችም?

ዘውዱ፦ እሷ ናት እንጂ! የየሺ አባት ምን እንዳሉ ረሳህ? «አፉንማ ሰምቼዋለሁ፤ መኪናውን ደጄ ላይ ልያት። ሽማግሌዎቹ በሌላ ከመጡ ልጄን አልሰጥም።» ለዚህ አይደል አሳጥቤ፣ የወንበር ልብሷን ቀይሬ ያቆምኳት? ውጭ አሳድሬ አቧራ ላልብሳት?

ጌትነት፦ ቢቆፍሩስ?

ዘውዱ፦ ነገ ከቆፈሩ ስሜ ዘውዱ አይደለም። አብሽር!

[ቅዳሜ ጠዋት። ዘውዱን የቀሰቀሰው የመሬቱ መንቀጥቀጥ ነው። በሩን በርግዶ ቢወጣ ስካቫተሩ ደጃፉን አልፎ ሄዷል፤ ከበሩ ሥር ሰው ቁሞ የማይታይበት ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ሚኒባሷ ከጓሮ ታብለጨልጫለች። ጌትነት ከማዶ ሆኖ ዳቦ ይገምጣል።]

ጌትነት፦ እንደምን አደርክ… ማን ልበልህ እንግዲህ?

ዘውዱ፦ ኧረ በቅዱስ ገብርኤል! ባሉበት ቀን መጡ?

ጌትነት፦ ባሉበት ሰዓትም ነው የመጡት።

ዘውዱ፦ ይሄ ግፍ ነው! ማን ነው በዚህ አገር በቀጠሮው ቀን ሥራ ጀምሮ የሚያውቅ?

ጌትነት፦ ሁለት እንጨት ብናጋድምላትስ?

ዘውዱ፦ ሚኒባስ ናት እኮ፣ ድመት አይደለችም!

ጌትነት፦ እንግዲያው ሽማግሌዎቹን በባጃጄ ላድርሳቸው።

ዘውዱ፦ «ሚኒባሱ ዝናብ መታውና አነሰ» ልበላቸው? [አፈሩ ላይ ቁጭ አለ] በዚህ ዕድሜዬ እሺ ያለችኝ አንዲት ሴት! የሺን ካጣሁ አለቀልኝ፣ ጌትነት። እውነቴን ነው።

ጌትነት፦ ለአባቷ ደውልና የሆነውን ንገራቸዋ። ሰው አይደሉ?

ዘውዱ፦ ሌላ ቀን ልስጣቸው? መቼ ነው ጉድጓዱ የሚደፈነው?

ጌትነት፦ በሳምንቱ ብለዋል፤ በዚያው በሞንታርቦ።

ዘውዱ፦ [ብድግ ብሎ] በቃ! ተምሬያለሁ። ቅዳሜ እንቆፍራለን አሉ፣ ቆፈሩ። በሳምንቱ እንደፍናለን ካሉ ይደፍናሉ። ሰው ማመን ነው እንጂ! [ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ] ሃሎ፣ ጋሽ ፍቅሩ! እንደምን አደሩ? ዘውዱ ነኝ… መኪናዋማ አለች! ደጃፌን ለፍሳሽ ቆፍረውብኝ ነው… የነገው ይቅርና ጉድጓዱ እንደተደፈነ በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከደጅዎ ናቸው… ቃሌ ነው፣ ጉድጓዱ ሲደፈን!… እሺ… እሺ፣ ጤና ይስጥልኝ። [ስልኩን ዘጋ፤ ፊቱ በርቷል] ይኸው! አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ገባኝ» ብለው ዘጉት።

ጌትነት፦ [ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ] ምነው ዘውዴ? እንዲያ ስትንሰፈሰፍላት ከርመህ፣ አሁን ምን አገኘህባት?

ዘውዱ፦ ማን ላይ?

ጌትነት፦ የሺ ላይ ነዋ! ሰው ካልፈለገ አልፈልግም ይላል እንጂ…

ዘውዱ፦ እንዴ! ማን አልፈልጋትም አለ?

ጌትነት፦ «ጉድጓዱ ሲደፈን እመጣለሁ» አልካቸው እኮ! ጉድጓድ ሲደፈን እመጣለሁ ያለ ሰው፣ አልመጣም ማለቱ አይደለም እንዴ?

ዘውዱ፦ በሳምንቱ ብለዋል ብለኸኝ የለ?

ጌትነት፦ ብለዋል። ለመቆፈርማ ማን ይሰንፋል? የደፈነ ሰው ግን አይተህ ታውቃለህ? የሰማሁትን ሁሉ የማምነው እኔ እንኳ ያቺን አላመንኳትም።

ዘውዱ፦ [ድምፁ እየሰለለ] ጋሽ ፍቅሩ እንዲያ አይመስላቸውም። ቅን ሰው ናቸው… አይመስላቸውም፣ አይደል?

ጌትነት፦ [ጉድጓዱን ቁልቁል እያየ] ዘውዴ… «ገባኝ» ነው ያሉህ?