ሎጎው ያላለቀለት ዲዛይነር

የሰውን ሥራ እያቀላጠፈ ለራሱ የማይደርስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ማርቆስ እንዲያ ነው። ላፕቶፑን አንግቶ ዛሬ ዱራሜ፣ ነገ ሾኔ እየሮጠ ለሰው ሁሉ ባነር ዲዛይን ያደርጋል። «አንተ ሰው፣ ንግድ ፈቃድ አውጣ!» ስለው «መጀመሪያ የራሴን ሎጎ ልጨርስ» ይለኛል። ሎጎው ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጅ ቢሆን አፉን በፈታ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ አንድ የንግድ ተቆጣጣሪ አስቆመን።

«ወንድሜ፣ ዲዛይነር ነህ አሉኝ። እስቲ ፈቃድህን አሳየኝ።»

«እኔ? ኧረ መምህር ነኝ!» አለ ማርቆስ።

ተቆጣጣሪው አመነውና «ለማንኛውም ይህን አንብብ» ብሎ ከራሳችን በላይ የተሰቀለውን ባነር አሳየው። «ያለ ፈቃድ መነገድ ያስቀጣል» ይላል።

ማርቆስ ቀና ብሎ አየው። ክርኑን ብጎትተውም ዝም ማለት አልቻለም።

«ቀዩን ማን ነው እንዲህ ያደበዘዘው? እኔ ስሠራው እኮ ደማቅ ነበር!»