ሊቀ ሐሳብና ምላጭ የያዘች እህታቸው

በየሰፈሩ አንድ አለ፤ የለም የሚል ሰፈሩን አያውቅም። ጉንፋን ይዟችሁ ስታስነጥሱ «ታምሜያለሁ ብላችሁ ስላሰባችሁ ነው» የሚላችሁ፣ ዝናብ ሲያበሰብሳችሁ «ደርቄያለሁ ብላችሁ አስቡ» የሚላችሁ ሰው። አብዛኞቹ የሚያስቸግሩት በአፋቸው ብቻ ስለሆነ ጉዳታቸው ቀላል ነው። የእኛው ሰውዬ ግን መቀስ ነበራቸው።

ክቡር ሊቀ ሐሳብ ልብስ ሰፊ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም ሳያንገራግሩ ተቀብለውታል። ደንበኛ ሲመጣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ከማውረዳቸው በፊት ትኩር ብለው ያዩትና «ምን ለመሆን ታስባለህ?» ይሉታል። ከዚያ የሚቆርጡት ፊታቸው ለቆመው ሰው ሳይሆን ለታሰበው ነው። «አስበው ብቻ! ሰውነት ሐሳብን ይሰማል።»

ሰውነት አልሰማ ሲል መከራው የታናሽ እህታቸው ነው። እሷ ጓዳ ውስጥ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች። ዋና ሥራዋ ግን ወንድሟ ዞር ሲሉ ጠብቃ የሰፉትን በምላጭ መፍታትና ለደንበኛው በሚሆን ልክ መልሶ መስፋት ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖራለች። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚላት መልሷ አጭር ነው፤ «ፈቺ ነኝ።»

ለምሳሌ ዳቦ ጋጋሪው። ቦርጩ ቀድሞት በር የሚገባ ደስተኛ ሰው ነው። ለልጁ ሠርግ ሱፍ ሊያሰፋ መጥቶ ለጨዋታ ያህል «ትንሽ ለመቀነስ እያሰብኩ ነው» አለ። አለቀለት። ሊቀ ሐሳብ ከወገቡ ላይ አንድ ስንዝር ቀንሰው ቆረጡ። በሠርጉ ዋዜማ እህት ሱሪውን ገልብጣ ብታየው፣ እንደ ሁልጊዜው በየስፌቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ተትቷል። «ተመስገን፣ ጋሼ ሲቆርጥ ዝርክርክ ነው» ብላ ፈታች፣ ለቀቀች፣ ተኮሰች። በሳምንቱ ዳቦ ጋጋሪው እየበረረ መጣ።

«ሊቄ! ቀነስኩ እኮ! ሱሪው ልክክ አለ!»

«አላልኩህም? አስበሃላ!»

እህት ጓዳ ውስጥ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። በጣም ነው የተናደደችው።

አንድ ጊዜ ብቻ ሳትደርስ ቀረች። ሰላምታው ለራሱ እንኳ የማይሰማ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «አንድ ቀን ኃላፊ ብሆን» ብሎ ሲተነፍስ የኃላፊ ትከሻ ያለው ኮት ተቆረጠለት። እህት ያን ሳምንት ታማ ተኝታ ስለነበር ኮቱ እንዳለ ወጣ። ሰውዬው ካልተጠነቀቀ ይወርድበታል። እንዳይወርድበት ትከሻውን ነፍቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ መሄድ ጀመረ። ቀና ሲል ሰዎች ቀድመው ሰላም አሉት፤ እሱም ድምፅ አውጥቶ መለሰ። ኃላፊስ አልሆነም። ግን ቁልፍ ሊያስተክል የመጣ ቀን «ጤና ይስጥልኝ!» ሲል እህት ከወንበሯ ብድግ አለች። ነገሩ ለቀናት ሲከነክናት ሰነበተ።

በዚያው ሰሞን ደብዳቤ ደረሳት። የሙያ ማሠልጠኛው የስፌት አስተማሪ ይፈልጋል፤ እሷም በአንድ የድፍረት ቀን አመልክታ ኖሮ፣ ሐሙስ ጠዋት ተማሪዎች ፊት ቆማ እያስተማረች እንድትፈተን ጠሯት። ቦታውን አጥብቃ ትፈልገዋለች። ግን «ፈቺ ደግሞ ምን ያስተምራል?» አለችና ደብዳቤውን አጣጥፋ የቁልፍ ማስቀመጫው ጣሳ ውስጥ ቀበረችው። ላትሄድ ወሰነች። በልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ ጣሳ ውስጥ ምሥጢር መደበቅ በር ላይ ከመለጠፍ እንደማይለይ አላሰበችም።

ረቡዕ ከሰዓት ሊቀ ሐሳብ አንድ ኮት ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርገው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። ለካችው። ትከሻው የእሷ አይደለም፤ የሆነች ኮስታራ አስተማሪ ትከሻ ነው። «ይኸው፣ ዛሬ ደግሞ በእኔ መጣ» ብላ ምላጯን አነሳች፣ ኮቱን ገለበጠች። ሦስቱን ጣት ፈለገች። ጎኑን አየች፣ ብብቱን አየች፣ ጀርባውን አየች። ጨርቁ ስፌቱ ጥግ ድረስ ተቆርጧል። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ የጠራ አቆራረጥ ከወንድሟ አይታ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ትርፍ መተው ረስተሃል።»

«አልረሳሁም።»

«ለዳቦ ጋጋሪው ሦስት ጣት ትተህለት አልነበር?»

መኪናው ቆመ። «እሱን መቼ አምኜው አውቃለሁ?» አሉ ሊቀ ሐሳብ፣ ዘወር ሳይሉ። «አንቺ እንደምትፈቺለት ስለማውቅ ነው የተውኩት።»

እህት መናደድ ፈለገች፤ ሳቋ ቀደማት፣ ከሳቋም እንባዋ። ይህን ጉረኛ ሰውዬ እንዴት አድርጋ እንደምትወደው ያን ቀን ለራሷም ገረማት። ምላጩን ጣሳው ውስጥ ከታ ደብዳቤውን አወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ኮቱን እንደተሰፋ ለብሳ ወጣች፤ ትከሻዋን ነፍታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ሊቀ ሐሳብ ከበሩ ላይ ቆመው «አስቢው ብቻ!» ብለው ጮኹባት።

«ዝም በል ጋሼ» አለች ሳትዞር፣ «ይወርድብኛል።»