ዋስትናው ሊያልቅ አራት ሰዓት ሲቀረው

ሰው ሌሊት ተኝቶ ያልማል፤ እኔ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ቁጭ ብዬ አለምኩ።

መጀመሪያ ላፕቶፔን ላስተዋውቃችሁ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ የምጽፈው በእሷ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ጣቶቼ ግን ዲግሪ አላቸው። ከወር በፊት ድንገት ጥቁር ብላ ቀረች። ደግነቱ የነፃ ጥገና ዋስትናዋ ተራዝሞ ነበር፤ ክፋቱ የሚያልቀው ያው ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ወርቅያንጥፉ ደግሞ «ዛሬ ካልሠሩልሽ ነገ ሰው ቤት ትቀጠሪያለሽ፤ ቤቱንም አግኝቼልሻለሁ» ብላ ቆርጣለች። እኔም ቆርጫለሁ። የሰው ድስት አልፈትግም!

በሕልሜ የቤታችን በር ተንኳኳ። ስከፍተው አራት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ተደርድረዋል። ከፊት የቆመው የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አቶ ዘርጋው ነው፤ ያ በውኔ አራት ጊዜ «ነገ ተመለሽ» ያለኝ ሰውዬ።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

«የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም፣ እትዬ ብርቄ» አለ አጎንብሶ።

«ምን ፈልገህ ነው፣ አንተ ልጅ?»

«ላፕቶፕዎን ለጥገና እንዲሰጡን ልንለምን ነው። ቴክኒሻናችን የጨዋ ልጅ ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ፈቶ ሲገጥም ብሎን አይተርፈውም።»

«እስቲ ከዘመድ ጋር ልማከር። ነገ ተመለሱ።»

ኡፍ! ይህ ቃል አፍ ላይ እንዴት እንደሚጥም! ለካ ሰዎቹ ወደው አይደለም። ወዲያው ግን አሥራ አንድ ሰዓት ትዝ አለኝና «ቆይ፣ ቆይ፣ ዛሬ ይሁን!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌዎቹ እልል አሉ።

እልልታው ሳያልቅ ቤታችን ጥገና ቤት ሆነ። ቴክኒሻኖቹ ካቻቪቴያቸውን እንደ ጧፍ ይዘው ተሰልፈዋል። ደንበኞች መስኮት ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ፉት እያሉ «ፎቶ ኮፒህስ? ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍህስ?» ይሏቸዋል። አንዲት ላፕቶፕ ባለቤቷን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ፣ ጀርባውን ፈታ፣ አቧራውን በብሩሽ ታራግፍለታለች። «ስንቴ አታሙቀው ብዬዋለሁ!» ትላለች ለጎረቤቷ።

አቶ ዘርጋው የዋስትና ወረቀቴን ዘረጋ። ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ የሚያነቡት ጉንዳኖች ነበሩ፤ ካባ ለብሰው በየፊደሉ ላይ ይራመዳሉ። አለቃቸው መጨረሻው መስመር ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ውሃ ከነካት ዋስትናው ፈረሰ ይላል። የባለቤቷ እንባም ውሃ ነው።»

ያ ሲለምነኝ የነበረ ሰውዬ ፊቱ ፈካ። «አልቃሿን ጥሯት!»

አልቃሿ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ገባች። ደረቷን አንዴ መታ አደረገችና ላፕቶፔ ላይ ጀመረች፦

«ለተበዳይ ሁሉ አቤት ስትል ኖራ፣
ዛሬስ ጭጭ አለች የእሷ ሲሆን ተራ።»

እውነቷን እኮ ነው። እንባዬ መጣ። ላፕቶፔን ከእንባዬ ለማራቅ ከጭንቅላቴ በላይ ከፍ አድርጌ ያዝኳት። ከንፈሬን ነክሼ፣ አክስቴ ያገኘችልኝን ቤት ድስቶች ጥቀርሻቸውን ጭምር አንድ በአንድ አሰብኩ። እንባዬ ከመንገድ ተመለሰ።

«እንባ አልወጣትም» አለ አንዱ ጉንዳን።

«ሽንኩርት ጨምሩ!» አለ አቶ ዘርጋው።

ቴክኒሻኖቹ ሽንኩርቱን በካቻቪቴ ከተፉት። እነሱ አለቀሱ፣ ጉንዳኖቹ አለቀሱ፣ ጠረጴዛ ላይ የተኛው ሰውዬ እንኳ ጀርባው እንደተፈታ ተንሰቀሰቀ። አልቃሿን ራሷን የሚያባብላት ጠፋ። በአንድ እጄ ላፕቶፔን ከፍ እንዳደረግኩ በሌላው ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረግኩላት።

«አይዞሽ እናቴ፣ ሁሉም ያልፋል።»

«አሸነፉን፣ እትዬ» አለ አቶ ዘርጋው ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። ላፕቶፔን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከፈተ፣ ነካካ፣ ገጠመ። አንድም ብሎን አልተረፈም! ጣቱን ማብሪያው ላይ አሳረፈ። መብራቷ ብልጭ ልትል...

«አንቺ ልጅ! ተነሺ እንጂ፣ እዚህ መኝታ ቤት አይደለም!»

ነቃሁ። ጥገና ክፍሉ ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነኝ። ላፕቶፔን አቅፌያለሁ፤ አርባ አንድ የሚል ቁጥር ጭብጤ ውስጥ ተጨማዷል። እውነተኛው አቶ ዘርጋው ፊቴ ቆሟል። ጋቢ የለ፣ ልመና የለ።

«ተራዬ ደረሰ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ተራው ቆሟል። ሲስተም የለም። ኮምፒውተራችን ተበላሽቶ የማንንም ዋስትና ማየት አልቻልንም።»

«ታዲያ አይጠገንም?»

«ይጠገናል እንጂ። እሱም ተራ ይዟል።»

«ስንተኛ ነው?»

የያዘውን ወረቀት ገለጥ አድርጎ አየ። «አርባ ሁለተኛ። ካንቺ ቀጥሎ።»

«በሉ እሱ ይቅደመኝ! ተራዬን ሰጥቼዋለሁ።»

ራሱን ወዘወዘ። «ተራ የሚቀየረው በሲስተም ነው።»

የግድግዳው ሰዓት አሥር ከሩብ ይላል። ጫማዬን አወለቅኩና አግዳሚው ላይ እግሬን አጣጥፌ ተመቻቸሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ወንድ ከሆነ ይምጣና ያስነሳኝ።