ነጭ ልብስና የፊልም አውሮፕላን

የድሮ ባለቀለም የጦርነት ፊልም የሚወድ ሰው ሰዎቹን የሚያይ ይመስላችኋል? አሜሪካ፣ ካሮልተን ከተማ የሚኖረው ወዳጄ ካሳሁን የሚያየው ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹን ብቻ ነው። አንዱ ተመትቶ ሲወድቅ፣ «ወይኔ! እንደዚህ ያለ ኦሪጅናል እኮ ዛሬ አይገኝም!» ብሎ ከልቡ ያዝናል። ስለ አብራሪው አንሥቶ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ቤቱ አብረን እያየን የፊልሙን ድምፅ ከፍ ሲያደርገው፣ በቅርቡ ከሰሜን ኢትዮጵያ የመጡት እናቱ ነጭ ነጠላቸውን አውልቀው ከሶፋው ትራስ ሥር ደበቁ። እሳቸው ባለፉበት ጦርነት ነጭ የለበሰ ሰው ከአየር ቶሎ ይታይ ነበር።

«እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው፤ ሪላክስ አድርጊ» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

«ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉት።

እሱ ግን የሞተሩን ድምፅ በደንብ እንድሰማለት ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው። እናቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ያንተም ሸሚዝ ነጭ ነው» ብለው ቡናማ ብርድ ልብሳቸውን ደረቡብኝ።

ፊልሙ እስኪያልቅ ከላዬ አላነሣሁትም።