የተደብዳቢው ቀለም

በዚህ ከተማ ተደብድቦ ጋዜጣ ላይ ለመውጣት እንኳ ዕድል ያስፈልጋል። ነጭ ከሆናችሁ ስም አላችሁ፣ ሥራ አላችሁ፣ የሁለት ልጆች አባት ናችሁ፤ የውሻችሁ ስም ሳይቀር ይጠቀስላችኋል። የአገሩ ጥቁር ከሆናችሁ «አንድ ግለሰብ» ናችሁ፤ ዕድሜያችሁ ከተጻፈላችሁ ተመስገን በሉ። እኛስ? እኛማ ከሞቃዲሾም እንምጣ ከወራቤ፣ ከዳካም እንምጣ ከሐራሬ፣ «የውጭ ዜጋ» ነን፤ አለቀ። የውጭ ዜጋ እናት የለውም፣ ሲመቱት የሚያመው ጎንም የለውም። እኔ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቤኖኒ አካባቢ ባለ ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ነኝ። ነጩንም ጥቁሩንም ህንዱንም አስተኝቼ አንስቻለሁ፤ የሁሉም አጥንት ያው ነጭ ነው። ይህንን ለጋዜጠኛ ማስረዳት ግን አልሆነልኝም። እንዴት እንዳልሆነልኝ ላውራችሁና አብራችሁኝ ተናደዱ፤ ብቻዬን መናደድ ሰልችቶኛል።

ጊዜው የዓለም ዋንጫው ጡሩምባ ገና ከጆሯችን ያልወጣበት ነው። ኑረዲን የአገሬ ልጅ ነው፤ ዳቬይተን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ከጓደኛው ከከድር ጋር በፍርግርግ ብረት የታጠረች፣ እዚህ ስፓዛ የሚሏት አንዲት የሰፈር ሱቅ አለችው። አንድ ፖሊስ በየጊዜው ብቅ እያለ ሲጋራና ቀዝቃዛ መጠጥ ይወስዳል። መውሰድ ነው የምላችሁ፣ መግዛት አላልኩም። አንድ ቀን ጠዋት ኑረዲን ምን እንደነካው እንጃ፣ «ሒሳብስ?» አለው። ፖሊሱ ጎትቶ ከሱቁ አወጣውና «ወደ ሶማሊያህ እመልስሃለሁ!» እያለ በዱላ ወቀጠው። ያን ያህል ዱላ ለማያውቀው አገር ሲባል!

ራጁን ያነሳሁት እኔው ነኝ። ሰው ፊቱን ላለመመታት ክንዱን ሲከልል ክንዱ የሚሰበርበት ቦታ አለ፤ የኑረዲንም የተሰበረው እዚያው ላይ ነው። ታዲያ ተከሳሹ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኑረዲን! ፖሊስ መትቷል ተብሎ። ከተፈረደበት የጥገኝነት ወረቀቱ ይሰረዝና ወደ አገሩ ይባረራል። አገሩ ደግሞ ያቺን ሱቅ ተማምነው የተቀመጡ እናትና አባት አሉት።

በማግስቱ ጋዜጣው «የውጭ ዜጋ ባለሱቅ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ» ብሎ ወጣ። ተጋጨ! ክንድና ዱላ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሳይተያዩ ቀርተው ይሆናል። ደሜ ፈላና ስልክ መታሁ። ያነሳው ጋዜጠኛ የደቡብ አፍሪካ ልጅ፣ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ነው ይበልጥ ያበገነኝ።

«ስም አለው እኮ፤ ኑረዲን ይባላል» አልኩት።

«ስሙ ለአንባቢ ይከብዳል፣ እህቴ። ጥቁር ነው እንበል?»

«ምን ለውጥ ያመጣል?»

«ጥቁር ፖሊስ ጥቁር ሰው ቢደበድብ ማን ያነበዋል? የውጭ ዜጋ ስንል ነው ትንሽ የሚነበበው።»

«ነጭ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያኔማ የፊት ገጽ ነበር» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ስልኩን ጆሮው ላይ ጠረቀምኩበት።

የቀረን ተስፋ አንድ ምስክር ነበር። ማማ ኖምሳ ይባላሉ፤ ከሱቁ ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚገዙ ትልቅ ሴት ናቸው። ሁሉንም አይተዋል። የሰፈራቸው ፖሊስ ላይ መመስከር ምን ማለት እንደሆነ ዳቬይተን የኖረ ያውቀዋል፤ እሳቸው ግን «እመጣለሁ» አሉ። እዚህ ያለው የሐበሾች ማኅበራችን ኮሚቴ ጠበቃ እንዲያቆም ያዩትን በቃላቸው እንዲነግሩልኝ ብዬ ጄፒ መንገድ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ምን አለ እግሬን በሰበረው!

ኮሚቴው ስለ ጠበቃ ይነጋገራል ስል ስለ ጋዜጣው ቀጠለ። ጋዜጠኛው ያለኝን ብነግራቸው ሰብሳቢያችን ጋሽ ተስፋዬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እኛን ጥቁር ሊሉን? ከነዚህ ጥቁሮች ጋር ሊደምሩን? ሐበሻ ነን በያቸው!» ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡት። ጋሽ ተስፋዬና ማማ ኖምሳ ጎን ለጎን ቢቆሙ ማን ከማን እንደሚጠቁር ለመለየት ጥሩ መብራት ያስፈልጋል። ሌሎቹ ደግሞ አጨበጨቡ። ክንዱ የተሰበረው ልጅ ተረስቶ የቆዳችን ክብር ላይ ስብሰባ ተቀመጥን። አይ እኛ!

«ምን አሉ?» አሉኝ ማማ ኖምሳ፣ ለስላሳቸውን ይዘው።

«እያመሰገኑዎት ነው።»

«ልጄ፣ ያቺን ቃል አውቃታለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ሱቁ በገባሁ ቁጥር ኑሩ ከጀርባ ላለው ጓደኛው ይጣራል። ‹ጥቁሯ መጣች፤ ዳቦ ስጣት› ይላል። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው ‹ደንበኛ ማለት ነው› አለኝ። መዋሸት እንኳ አይችልበትም፤ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። ሐበሻ ሱቅ ከሚሠራው የጎረቤቴ ልጅ አጣርቼ ከገባኝ ቆይቷል።» ለስላሳቸውን ጨረሱና ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው ወጡ። መሬት ተከፍታ ጋሽ ተስፋዬን ከነኮሚቴያቸው በዋጠችልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ፍርድ ቤት የቀረብን ዕለት ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። እሳቸው ግን የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው ከሁላችን ቀድመው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዐቃቤ ሕጉ «የውጭ ዜጋውን ያውቁታል?» አላቸው።

«የውጭ ዜጋ አላውቅም፤ ኑሩን አውቃለሁ። ጥቁር ፖሊስ ጥቁር ሰው ሲደበድብ አየሁ። ልጅ ሆኜም አይቻለሁ፤ ያኔ አዛዦቹ ነጮች ነበሩ። ዱላው ያው ነው።»

ራጁም ቀረበና ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ኑረዲን ወረቀቱም ሱቁም ተረፉለት። ፖሊሱስ? ሌላ ጣቢያ ተዛወረ። እዚያም ስፓዛ አይጠፋም መቼም። ጋዜጣው «የውጭ ዜጋው ነጻ ወጣ» ብሎ ሁለት መስመር ጻፈ፤ ማማ ኖምሳን «አንዲት የአካባቢው ነዋሪ» ብሏቸዋል። ጋሽ ተስፋዬ ደወሉልኝና «አሁንም ሐበሻ አላሉንም!» ብለው ጮኹብኝ። እሳቸውም ላይ ጠረቀምኩ።

ቅዳሜ ኑረዲንን ልጠይቅ ሱቁ ሄድኩ። ክንዱ በጄሶ ተጠቅልሏል። ማማ ኖምሳ ምግብ ቤት ያሉኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ወዲያው የበሩ ብረት ተንኳኳ። «ማነው?» አለ ከድር ከጀርባ። ኑረዲን ቀና ብሎ ማን እንደመጣ አየ፤ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እንደ ልማዱ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ማማ ኖምሳ ፊታቸውን ወደ ፍርግርጉ አስጠጉና በጠራ አማርኛ እሳቸው መለሱለት።

«ጥቁሯ መጣች፤ ዳቦ ስጣት።»